ልብስ የሚሰጣበት ቀን

እኔን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ከደጃችን የተመለሱት በደመና ምክንያት ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ አልሳቅኩበትም። ወንድሜ «ሰካራም ነው» ብሎ ቢመልሳቸው፣ «ድሃ ነው» ብሎ ቢመልሳቸው አገር የሚያውቀው ነገር ነው። «ዝናብ ይጠፋል ላለ ሰው እህቴን አልሰጥም» ብሎ መመለስ ግን የት አገር አለ?

ስሜ ሶረቲ ነው፣ የሁሩታ ሰው ነኝ። ከአራተኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። አባታችን ሲሞት ታላቅ ወንድሜ ጉቱ እርሻውን ያዘ፣ እኔ ገበያውን ያዝኩ። ለዘር የሚሆን ስንዴና ገብስ አበጥሬ እሸጣለሁ። ቃል ማሳመር አልችልበትም፤ የሆነውን እንደሆነው ነው የምጽፈው።

ከአጥራችን ወዲያ አንድ ባዶ ግቢ አለ። አንድ ሰሞን ሰዎች መጥተው እንጨት ተከሉና አናቱ ላይ አፉ ክፍት የሆነ ቆርቆሮ አሰሩበት። ለምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ለእኔ የልብስ ገመዴን የማስርበት ጥሩ ምሰሶ ሆነልኝ። ነጠላዬን አጠብኩና ሳልጨምቀው ከቆርቆሮው በላይ አሰጣሁት።

ከሰዓት ስመለስ አንድ ቀጭን ሰው አጎንብሶ ቆርቆሮውን ያያል፣ ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል፣ ደግሞ ቆርቆሮውን ያያል። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም።

«ምን ጠፋህ?» አልኩት።

«እህቴ፣ ዛሬ እዚህ ዘንቦ ነበር?»

«በዚህ ፀሐይ? አሞሃል?»

«እኔም ያልኩት እሱን ነው። ይኼ የዝናብ መለኪያ ግን ዘንቧል ይላል።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ከነጠላዬ ጥለት ጫፍ አንዲት ጠብታ ወርዳ ቆርቆሮው ውስጥ ገባች። ጠብ። ሁለታችንም አየናት።

ሊጮህብኝ ነው ብዬ ወገቤን ይዤ ተዘጋጀሁ። እሱ ግን ሳቀ። ሲስቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

«አሁን ለአዳማ ምን ብዬ ላስተላልፍ? ሁሩታ ላይ ነጠላ ዘነበ ልበል?»

«በል። ውሸት አይደለም።»

ኢተፋ ይባላል። የአዳሚ ቱሉ ልጅ ነው። ሥራው ከአዳማ እየተነሳ በየከተማው የወረደውን ዝናብ መለካትና የሚመጣው ወቅት ምን እንደሚመስል ለገበሬው መንገር ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ መለኪያውን ሊያይ ሲመጣ የእኔን የእህል ጆንያ ወንበር አድርጎ መቀመጥ ለመደ። እኔም በመጣ ቁጥር ከጆንያው ላይ አቧራውን ማራገፍ ለመድኩ።

«እስቲ ዝም ብለህ ንገረኝ» እለዋለሁ፣ «ዘንድሮ ይዘንባል ወይስ አይዘንብም?»

«ከአስር ሰባት እጁ ይዘንባል።»

«ሦስቱስ?»

«ሦስቱን ፈጣሪ ያውቃል።»

«ሰባቱንስ አንተ ነህ የምታውቀው?»

ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ግን መሬት መሬቱን እያየ መልሶ እኔን ጠየቀኝ። «አንቺስ፣ እኔ ስመጣ ደስ ይልሻል ወይስ አይልሽም?»

ስንዴውን በእጄ አገላበጥኩት። ጠጠር የለበትም፤ ጠጠር የምፈልግ መሰልኩ።

«ከአስር ሰባት» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተናግሮኛል፤ እንደዚያ ዝምታ የገባኝ ግን የለም።

ክፉው ቀን የመጣው ኤልኒኖ የሚባለው ነገር በየሬድዮው በተወራበት ዓመት ነው። ኢተፋ «በስምጥ ሸለቆው ዝናቡ ሊያጥር ይችላል፣ ቶሎ የሚደርስ ዘር ያዙ» ብሎ አስተላለፈ። በከተማችን አዳራሽ ስብሰባ ተጠራና እሱን መሐል አቆሙት።

የስብሰባው ሰብሳቢ «ድርቅ ይመጣል ብሎ ማውራት የተቃዋሚ ሥራ ነው፣ ልማት ማደናቀፍ ነው» አለ። ከኋላ አንዱ ወጣት ተነስቶ «ውሸት ነው፣ መንግሥት ነው የላከው፣ መሬታችንን ባዶ አስቀርቶ ሊወስድ!» አለ። ሦስተኛው «የለም፣ ፈረንጅ የገዛው ሰው ነው፤ ሙቀት ጨመረ እያሉ እርዳታ የሚበሉት እነሱ ናቸው» አለ። አንዱን ሰው በአንድ ጠዋት ሦስት ጌታ ሰጡት። ስለ ዝናቡ ግን እስከዚያ ድረስ የጠየቀው የለም።

«አዎ ወይም አይደለም በል» አለው ሰብሳቢው። «ድርቅ ይሆናል?»

«እንደዚያ ብዬ መናገር አልችልም። ዕድሉን ነው የምናገረው።»

«መሣሪያህ ተሳስቶ ያውቃል?»

ሌላ ሰው ቢሆን አያውቅም ይል ነበር። ኢተፋ ግን መዋሸት አያውቅበትም። «አዎ» አለ፣ «አንድ ቀን እርጥብ ነጠላ ተሰጥቶበት ዘንቧል ብሎኛል። ያን ቀን አልመዘገብኩትም፣ ስህተት ሲኖር ለይተን እናወጣለን ለማለት ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የመጨረሻውን ቃል የሰማ የለም። «በነጠላ የሚታለል ሰው ነው ስለ ሰማይ የሚነግረን!» ተባለ።

አላስቻለኝም። ተነሳሁ። «ነጠላው የእኔ ነው! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ መሣሪያው ምን አደረገ?» አልኩ። ሳቁ ባሰ። ያን ቀን ማታ የሁሩታ ሰው ሁሉ የእኔንና የዝናቡን ሰውዬ ነገር አወቀ። ጉቱ ዓይኔን አላየም።

ኢተፋ የላካቸው ሽማግሌዎች የመጡት በዚያው ወር ነው። ጉቱ «ተቀመጡ» እንኳን ሳይላቸው ደጅ አቁሞ መለሳቸው። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ።

ያን ክረምት ሁሩታ ላይ ጥሩ ዘነበ። ታች አዳሚ ቱሉ ግን ሰማዩ ተዘጋ፣ የኢተፋ እናት ላሞች አለቁ። ለእኛ ሰዎች ውሸታም ሆነ፣ ለእነሱ ደግሞ ድርቁን በአፉ የጠራ ሰው ሆነ። በስልክ አንድ ጊዜ ብቻ አወራኝ። «ከወንድምሽ ጋር አላጣላሽም፣ ሶረቲ» አለኝና ዘጋው። መለኪያውን ሌላ ሰው ያየው ጀመር።

እሱን እንድረሳ ሁሉም መከረኝ። እኔ ደግሞ እርሺ ሲሉኝ ነው የማስታውሰው። ሌላ የጠየቀኝን ሁሉ መለስኩ። ጉቱ ሲቆጣ «አንተ በደመና መልሰህ የለ? እኔ ደግሞ በፀሐይ እመልሳለሁ» እለው ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የኢተፋ ድምፅ በሬድዮ መጣ። ጠዋት ጠዋት የአየሩን ሁኔታ ለገበሬው እንዲናገር መድበውታል። አዳማ፣ ሞጆ፣ ቆቃ፣ መቂ፣ ባቱ እያለ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ሁሩታ ይደርሳል። ለሌላው ከተማ ነፋሱንና ሙቀቱን ነው የሚናገረው። ለእኛ ግን አንድ ነገር ይጨምራል፦

«ሁሩታና አካባቢዋ፣ ዛሬ ለልብስ ማስጫ የሚመች ቀን ነው።»

መጀመሪያ ስሰማው ወንፊቱ ከእጄ ወደቀ።

ዝናብ በሚሆን ቀን ደግሞ «ሁሩታ፣ ልብሳችሁን አስገቡ» ይላል። ጎረቤቶቼ ጥሩ ሰው ነው፣ ለሴቶች ያስባል ይላሉ። እኔ ምንም አልልም። ፀሐይ ነው ባለ ቀን ነጠላዬን አጥቤ አሰጣለሁ። ንጹሕም ቢሆን አጥበዋለሁ። አያየኝም፤ ግን አሰጣለሁ። ለዚያ ድምፅ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። ባል የሌላት ሴት ናት ይሉኛል እንጂ፣ በየጠዋቱ በስሟ ሳይሆን በነጠላዋ የምትጠራ ሴት በአገሩ ከእኔ ሌላ አልነበረችም።

ሽንኩርት ልታመጣ ባቱ የምትመላለሰው ጓደኛዬ በላይነሽም አለች፣ እድሜ ይስጣት። አዳሚ ቱሉ ለባቱ ቅርብ ነው፤ የኢተፋን ወሬ ሳልጠይቃት ትነግረኛለች።

«አላገባም» ትለኛለች። «እናቱን ይዞ አዳሚ ቱሉ ነው። ፀጉሩ ግን ሸሽቷል፣ እንዳትደነግጪ።»

«የእኔስ መች ቀረ?»

ዘንድሮ በበልግ መግቢያ ላይ ሬድዮው አድማጭ የሚደውልበት ዝግጅት አደረገ። አንዱ ደውሎ «የአየር ንብረት ለውጥ የሚባለው የፈረንጅ ተረት ነው» አለ። ሌላው «ዝናቡን ራሳቸው ናቸው የሚያስቀሩት፣ ምርጫ ሲደርስ ይለቁታል» አለ። ኢተፋ ታግሶ መለሰ። «ሙቀቱ መጨመሩን በየጣቢያው ለክተን አይተናል። የነገውን ዝናብ ግን በእርግጠኝነት አልናገርም። ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው» አለ። ወዲያው አንዱ «የማን ወገን ነህ? እሱን ንገረን!» ብሎ ጮኸበት። ሙዚቃ ገባ።

በማግስቱ ሌላ ሰው አየሩን አነበበ። በሦስተኛውም ቀን ሌላ ሰው። ሁሩታን ጭራሽ ዘለላት።

ነጠላዬን ይዤ ደጅ ቆምኩ። ላጥበው ወይስ አልጠበው? እንደዚያ ባዶ የሆንኩበት ጠዋት የለም። ይሄ ድምፅ ከጠፋ ከእሱ ጋር የሚያገናኘኝ ምንም አልቀረም ማለት ነው።

ጉቱ ከእርሻ መጥቶ ሬድዮውን ያገላብጣል። «ምነው ያ ሰውዬ ጠፋ?» አለ። «ገብሱን ላስቀድም ወይስ ልቆይ፣ ማንን ልጠይቅ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ያ የሬድዮው ነዋ።»

«ስም የለውም?»

ሬድዮውን ማገላበጡን ቀጠለ።

«ኢተፋ በል! ደጅህ አቁመህ የመለስከው ኢተፋ! ለካ በየዓመቱ በእሱ አፍ ነው የምትዘራው!»

ጉቱ ሬድዮውን አጠፋና ቁጭ አለ። ሲያረጅ ያየሁት ያኔ ነው።

«ስለ ዝናቡ አይደለም የመለስኩት» አለ። «ፈርቼ ነው። ያኔ ሁሉም አንድ ወገን ነበረው። እሱ ብቻ ወገን የለውም። ወገን ለሌለው ሰው እህት መስጠት ፈራሁ።»

ለስንት ዓመት ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ። አንዱም አልመጣልኝም።

«አሁን ሽማግሌ ይልካል እንዴ አንዴ አዋርደኸው?»

«አይልክም።»

«እንግዲያው እኔ እሄዳለሁ። አሴና እገባለሁ።»

አሴና የድሮ ሰዎች ወግ ነው። ሴቷ ራሷ መርጣ፣ እርጥብ ሣር ይዛ፣ ማንም ሳይጠራት ወንዱ ቤት ትገባለች። የገባችን ሴት ማባረር ነውር ነው። ከአያቶቻችን ወዲህ ያደረገው ሰው አላየሁም።

ጉቱ ዓይኑን አፈጠጠ። «በዚህ ዕድሜሽ?»

«በዚህ ዕድሜዬ።»

ጠዋት ስነሳ ጉቱ ከወንዙ ዳር ራሱ ያጨደውን ሣር፣ ጤዛው ገና ሳይረግፍ፣ ደጄ ላይ አስቀምጦልኝ ሄዷል። ቂሜን እዚያው ሣሩ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ተውኩት። ገለቶሚ፣ ወንድሜ፤ ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ።

ሣሩ እንዳይጠወልግ ነጠላዬን ውሃ ነክሬ ጠቀለልኩበት። ከአዳማ ተሳፍሬ ቆቃ ስንደርስ፣ ዓሣ ሻጮቹ መስኮቱን ሲከቡ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ጮኸ።

«እናቴ፣ ሱሪዬ ራሰ እኮ! ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ባል» አልኩት። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። መውረጃዬ ስደርስ አጨበጨቡልኝ።

የኢተፋን ቤት ያወቅሁት ከግቢው መሐል በቆመው እንጨትና ቆርቆሮ ነው። ሥራውን ቢያስተዉት እንኳን ለራሱ ይለካል። በዕድሜ የገፉት እናቱ፣ እማማ ዘርፉ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ማንንም ሳላስጠራ ገባሁና ሣሩን እግራቸው ሥር አኖርኩት።

እማማ ዘርፉ ሣሩን አዩ፣ ከዚያ የሚንጠባጠበውን ነጠላ አዩ።

«የነጠላዋ ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«ነኝ፣ እማማ።»

ከሣሩ አንድ እፍኝ ቆንጥረው አናቴ ላይ አደረጉልኝ። «ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ። ልጄ፣ ቆየሽ እኮ» አሉ። ከዚያ ወደ ቤት ተጣሩ። «ኢተፋ! ና ውጣ፣ የምትለካው ነገር መጥቷል!»

ወጣ። ፀጉሩ በእርግጥ ሸሽቷል። ሣሩን አየ። ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል፣ የዚህ አገር ልጅ ነው። ዝም አለ፤ ያንኑ የጆንያ ላይ ዝምታውን።

«ከአስር ሰባት እንዳትለኝ» አልኩት። «ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ እንደጠየቁህ ነው የምጠይቅህ። አዎ ወይስ አይደለም?»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አላወቅሁም፣ ዓይኑ ግን ርሷል።

«አዎ» አለ።

ሄድኩና ነጠላዬን ከመለኪያው በላይ አሰጣሁት። ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ።

«ጻፍ እንግዲህ» አልኩት፣ «ዛሬ አዳሚ ቱሉ ዘንቧል።»