ከወንዙ ማዶ ያሉት እንሽላሊቶች

ጣት የማታክል እንሽላሊት ያን ሰፊ ወንዝ በምን ተሻገረች?

ተመራማሪዋ ግንዱ ሥር ተንበርክካ አፍጥጣ ታያታለች። ቡናማ ናት። መጤ ናት። እዚህ ጫካ ውስጥ ልትገኝ አይገባም ነበር። በምን እንደመጣች ግን ልትገምት እንኳ አልቻለችም።

መጤዎቹ ከዓመታት በፊት ከውጭ በገቡ የአበባ ማሰሮዎች አፈር ውስጥ ተደብቀው መጡ፤ ከተማውንም ሞሉት። አረንጓዴዎቹ ነባር እንሽላሊቶች መሬቱን ለቀውላቸው ዛፍ ላይ ወጡ። እዚያም ጣታቸው ሰፋ ብሎ ቅርንጫፍ አጥብቆ የሚይዘው ተረፉና ተዋለዱ፤ ከትውልድ ትውልድ ጣታቸው እየሰፋ ሄደ። ተመራማሪዋ ሩቅ አገር ስምንት ዓመት ተምራ የተመለሰችው ይህን ልትለካ ነው። መጤዎቹ ያልደረሱበት ማነጻጸሪያ ደግሞ ይህ ከወንዙ ማዶ ያለው ጫካ ብቻ ነበር።

አትክልተኛውን ያወቀችው ሥራ በጀመረች በሳምንቷ ነው። ከተማው ውስጥ ያለው የችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ነው፤ ሠራተኞቹ «አባ ችግኝ» ይሉታል። እሷ ግቢው ውስጥ በሆዷ ተኝታ፣ በዘንግ ጫፍ ባሰረችው ክር እንሽላሊት ልታጠምድ ስትታገል ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

«እህቴ፣ ዓሣው እኮ ያለው ወንዙ ውስጥ ነው!»

ደንግጣ ብድግ ስትል እንሽላሊቷ እግሬ አውጪኝ አለች።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ነው የጠበቅኳት!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ... አይጨነቁ፣ ትመለሳለች። ጭራዋ የተቆረጠው አይደለች? ከዚያች ድንጋይ አትርቅም።»

ተመራማሪዋ ንዴቷን ረስታ አየችው። እያንዳንዷን ለይቶ ያውቃታል፤ ስም ማውጣት ብቻ ነው የቀረው!

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እንሽላሊቶቹን አብረው ይቆጥሩ ጀመር። «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ሆነ።

«ስምንት ዓመት እዚያ ኖረሽ መጣሽ፤» አላት አንድ ቀን። «እንግዲህ ነባር ብዬ ልቁጠርሽ መጤ?»

«እሱን እኔም አላውቀው...» ልትስቅ ሞከረች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ።

ቀልዱን ተወው። «ብቻ አትሂጂ። ምን እንደምንልሽ ቀስ ብለን እናስብበታለን።»

በልደቷ ቀን ቀይ አበባ ከነማሰሮው ሰጣት። «ለቤትሽ ነው፤» አላት አንገቱን ደፍቶ።

አብራት የምትኖረው አክስቷ ማሰሮውን ዞር ዞር ብላ አየችና ሳቀች። «ከነሥሩ ነው የሰጠሽ? አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሰውዬ የምሩን ነው!»

እሷ ግን ቀኑን የምትውለው ማዶ ጫካው ውስጥ ባለችው የቆርቆሮ ቢሮዋ ነበር። ቀና ባለች ቁጥር ልታየው ፈልጋ አበባውን በጀልባ ወሰደችው።

ከዚያ በሁለተኛው ወር ያቺን ቡናማ እንሽላሊት ግንዱ ላይ አገኘች።

ቆይታ ስታስበው ግን ማሰሮ የሚወጣው ከችግኝ ጣቢያው ነው። አንድ ሰው ማዶ ላሉት ሸጧል ማለት ነው። ልትጠይቀው ስልኳን አነሳች... መልሳ አስቀመጠችው። ስለምትወደው አዳላች እንዳይሏት ፈራች። በዚያኑ ዕለት እንሽላሊቷ ከችግኝ ጣቢያው ሳትመጣ አትቀርም ብላ ሪፖርት ጽፋ ለአለቆቿ ላከች።

በሦስተኛው ቀን ጣቢያው ተዘጋ፤ ችግኙ ከነአፈሩ ተቃጠለ። አትክልተኛው ከሥራው ተባረረ። ልብሱ ጭስ ጭስ እየሸተተ በሯ ላይ ቆመ።

«አንዲት ማሰሮ እንዳትሻገር ስንት ዓመት ስጠብቅ ኖሬያለሁ።»

«ታዲያ በምን ተሻገረች?»

«እሱን ከመጻፍሽ በፊት ብትጠይቂኝ ኖሮ አብረን እንፈልገው ነበር።» ሄደ።

በሳምንቱ አበባውን ውኃ ስታጠጣ ከአፈሩ ነጭ ነገር ብቅ አለ። ቆፈረችው። አተር የሚያካክሉ አራት ባዶ የእንሽላሊት እንቁላል ቅርፊቶች! ወንዝ የሚሻገር አፈር ሁሉ በወንፊት ይነፋል፤ ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት። ይህን ግን አልነፋችውም። ከእሱ እጅ የመጣ ነዋ...

ጥፋቱ የራሷ መሆኑን ለሁሉም ጻፈች። ጣቢያው ተከፈተ፤ እሱም ተመለስ ተባለ። እሷ ግን ያገኘችው አውቶቡስ ተራ፣ ሻንጣውን ሲያስጭን ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ጽፌያለሁ...»

«አንብቤዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ደብቆት ይቀር ነበር።»

«ታዲያ ተመለስ!»

«በእጄ የተከልኩት ሲነድ ቆሜ አየሁ። ያ ግቢ ከእንግዲህ አይሆነኝም።»

«እኔስ?»

ፊቷን በሁለት እጁ ያዘ። «አንቺንማ እወድሻለሁ። ግን ያኔ የጨነቀሽ ቀን እኔ ጋ አልመጣሽም። ሌላ ቀን ሲጨንቅሽ ምን ትጽፊብኝ ይሆን እያልኩ መኖር... አልችልበትም። ደህና ሁኚልኝ፣ ዓለሜ።»

አውቶቡሱ ወጣ። እሷም አልተከተለችውም፤ እውነቱን ነዋ።

በዓመቱ፣ ከማሰሮው የወጡትን አራቱንም መጤዎች ለቅማ ጥናቷን ጨረሰች። ለማንም ከመላኳ በፊት ከዚህ መልእክት ጋር ለእሱ ላከችለት፦

«ማሰሮውን እንዴት እንዳሻገርኩት አራተኛው ገጽ ላይ አለ። የአንተም ነገር አለበት። ልክ ያልሆነ ካለ ንገረኝ፤ አንተ ሳታየው አይወጣም።»

እንደተነበበ የሚናገረው ምልክት ስልኳ ላይ ወዲያው መጣ። ቀኑን ሙሉ ጠበቀች። ሳምንቱንም፣ ወሩንም ጠበቀች። መልስ ግን አልመጣም።