የምንዳዬ ሬዲዮ

«ሬዲዮው ሰው ገደለ!» የሚለው ወሬ የፖሊሱን መቶ አለቃ ኩማን ጎሬ ድረስ ሄዶ ነው የቀሰቀሰው። ወሬ መቼም በቅሎ አያስፈልገው!

መቱ ሲደርስ የሆስፒታሉ ዕቅድ ኃላፊ ምንዳዬ በክፍሉ ወለል ላይ ነጠላ ለብሶ ተጋድሟል። የቀኝ መዳፉ ተቃጥሏል፤ የመገናኛ ሬዲዮው ሳጥንም ጎኑ ጠቁሯል። ትናንት ነጎድጓዱ ሲያጓራ ሞተ አሉ።

«ይህን የመብረቅ መጥሪያ ነገውኑ ወደ አዲስ አበባ እመልሰዋለሁ» አሉ አስተዳዳሪው ባላምባራስ መገርሳ። «ከዕቅዱም ወጥቷል!»

ኩማ የጠቆረውን ሳጥን በእጁ ዳሰሰው። ባለፈው ክረምት ሚስቱ ዲሪቤ ኡካ ላይ ስታምጥ፣ የተላከው መልእክተኛ ወንዝ ሞልቶበት ቀረ፤ ሐኪም ሲደርስ ተቀብራለች። ምንዳዬ ለሙከራ ያስመጣው ሬዲዮ መቱን ከኡካና ከሁሩሙ ጤና ጣቢያዎች ጋር ሊያነጋግር ነበር። አሁን ከተመለሰ ሌላ ዲሪቤ መሞቷ ነው።

መጀመሪያ ዋና ነርሷን እትዬ ሙላቷን አነጋገረ።

«አልዋሽህም፣ ጠልቼው ነበር» አሉ። «አልጋ ሳይኖር ወሬ ምን ይሠራል? ምንዳዬ ግን ጠንቃቃ ልጅ ነበር። ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር መብረቁ ወደ መሬት እንዲሄድ ሽቦውን ከሬዲዮው ነቅሎ በመስኮት ጭቃ ውስጥ ሲሰካ ከክፍሌ ሆኜ እስቅበት ነበር። ትናንትማ ሳሉ ጠንቶበት ጋሼ ደበሳ ሽሮፕ ሰጥተውታል።» እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ጋሼ ደበሳ አንድ እጃቸውን ከካፖርታቸው ኪስ አላወጡም።

«በዓይኔ በብረቱ አየሁት! መብረቁ በሽቦው ተንሸራቶ ገባ። ያ ዋቅ፣ አምላኬ! ብዬ ወደቅሁ።»

«እጅዎን ምን ነካዎት?»

«ጠርሙስ ቆረጠኝ።»

ኩማ የምንዳዬን መዳፍ አገላብጦ አየ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን፣ ከሁሩሙ የመጣ ማር ያለበትን ሳህንም አንስቶ አሸተተ። ከዚያ ወጥቶ በመስኮቱ ሥር ጎንበስ አለ፤ ሲመለስ ሦስቱንም ሰበሰባቸው።

«የሽቦው ጫፍ ከሬዲዮው ተነቅሎ ዛሬም ጭቃው ውስጥ ተሰክቷል» አለ። «ታዲያ መብረቁ በየት ገባ? የምንዳዬ ቃጠሎስ ውኃ ቋጥሯል፣ እትዬ?»

«ኧረ አልቋጠረም። ከሞተ በኋላ የተቃጠለ ገላ ነው።»

«እዚህ ክፍል ውስጥ ግን በሕይወት እያለ የተቃጠለ ሌላ ሰውም ነበር። የኛ አገር ሰው እሳት ሲለበልበው እጁ ሳያስበው ወዴት ይሄዳል? ወደ ማር! ይኸው፣ ሳህኑ ላይ ጥላሸት የነካው የጣት አሻራ። በምንዳዬ መዳፍ ላይ ግን ጠብታ ማር የለም።»

ሁለት ዝንቦች የጋሼ ደበሳን ኪስ ይዞሩ ነበር። እትዬ ሙላቷ የሰውየውን እጅ ከኪስ ስበው የተጠቀለለበትን ጨርቅ ፈቱት፤ የሰውየው ጣት ውኃ ቋጥሮ በማር ያብለጨልጫል።

«የመድኃኒት ቤት ሰው ቅባት ሞልቶት ማር ተቀባ!» አሉ ባላምባራስ። «ግን ለምን ይገድለዋል?»

«ያን ሬዲዮው ይንገረን። መብረቅ የመታው ከሆነ ድዳ ነው» አለና ኩማ ሽቦውን ከጭቃው አውጥቶ አጥቦ ሳጥኑ ላይ ሰካ። «ኡካ፣ ኡካ! እዚህ መቱ!»

ሳጥኑ ተንኮሻኮሸ። የኡካው ጤና ጣቢያ ድሬሰር የያደታ ድምፅ ነበር።

«ምንዳዬ! ትናንት የነገርኩህን ጋሼ ደበሳን ጠየቅህልኝ? የላኩልን የወባ ክኒን እኮ ዱቄት ነው!»

ጋሼ ደበሳ ግድግዳውን ይዘው ቁጭ አሉ።

«ከየጣቢያው ስለ መድኃኒት የሚጻፈው ሁሉ በእኔ እጅ ነበር የሚያልፈው» አሉ። «እውነተኛውን ክኒን ለነጋዴ ስሸጥ ማን ያውቅ ነበር? ምንዳዬ መጥቶ ጠየቀኝ። ሽሮፑ ውስጥ መርዝ ጨመርኩበት፤ ሲሞት መዳፉንና ሳጥኑን በአልኮል ለኩሼ መብረቅ አስመሰልኩት።»

ባላምባራስ ሊናገሩ ሲሉ ሳጥኑ ቀደማቸው።

«መቱ፣ አትዝጉብኝ! እዚህ የምታምጥ ሴት አለች፤ የልጁ እጅ ቀድሞ ወጣ! ምን ላድርግ?»

 እትዬ ሙላቷ መነጋገሪያውን ከኩማ እጅ ነጠቁት።

«ያደታ፣ እንዳትጎትተው! በጎኗ አስተኛት!»

ባላምባራስ ወደ በሩ ሮጡ። «ሐኪሙን ጥሩ! በቅሎ ጫኑ!»

ኩማ ወደ ሳጥኑ ተጠጋ፤ እንባው ይወርዳል።

«እትዬ» አለ፣ «ሰምተናታል፣ መጣን በሏት።»