ከባዶ ራዲያተር የፈላ ውሃ

ባሻ ሙላቴ ከገሳይ መንደር በላይ ካለው ዳገት ሲደርሱ ሬሳውን በጋቢ ተሸፍኖ ከካሚዮኑ ፊት ተጋድሞ አገኙት። ጣልያን ደብረ ታቦርን ከያዘ ሁለተኛው በጋ ነበር። ባሻ ቀድሞ ነፍስ በጠፋ ቁጥር አውጫጭኝ ተቀምጠው ገዳይ የሚያወጡ ሰው ነበሩ፤ ጠላት ከገባ ወዲህ ግን እርሻቸውን ይዘው ዝም ብለዋል። ዛሬ የገሳይ ሽማግሌዎች በበቅሎ ያስመጧቸው ጭንቅ ቢይዛቸው ነው። ከነፋስ መውጫ የመጣው የጣልያን ካፒቴን «ጀምበር ሳትጠልቅ ገዳዩ ካልተለየ መንደሩን አቃጥላለሁ» ብሏል።

ሟቹ ሾፌሩ ጀማል ነው። አብሮት የተጓዘው የካፒቴኑ አስተርጓሚ አለሙ ነበር፤ በአለሙ ቃል የተያዘው ገበሬ ፈንታሁን ደግሞ ከጥድ ግንድ ጋር ታስሯል።

«ያየኸውን ንገረኝ፤» አሉት ባሻ አለሙን።

«ገሳይ ላይ ከዚህ ገበሬ ደጅ ቆመን ነበር። እኛ ዞር ስንል የሞተሩን የውሃ ቱቦ በካራው ቀደደው። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ፈላ። ጀማል ወርዶ የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍት የፈላው ውሃ ፊቱን መታው። ጮኸና ወደ ኋላ ሲወድቅ ድንጋይ አገኘው።»

«ሲጮህ ሰማህ?»

«በጆሮዬ ሰማሁ፣ በዓይኔ አየሁ።»

«ሌላ ሰው ነበረ?»

«ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም።»

ባሻ ጋቢውን ገለጡ። የሟቹ ፊት ነጥቶ ተልጧል እንጂ አልቀላም፤ አንድም ቦታ ውሃ አልቋጠረም። የደረቱ ልብስ ደረቅ ነው፤ ማጅራቱ ግን ተፈንክቷል። ከካሚዮኑ ፊት ቀና ብለው የራዲያተሩን ክዳን ተመለከቱ፤ አቧራ ለብሷል። ከሞተሩ ሥር መሬቱ ረጥቧል። ከሾፌሩ ወንበር ሥር አንድ ቆርቆሮ አዩ፤ አንስተው ውስጡን ተመለከቱና መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ መንገዱን ይዘው ቁልቁል እስከ ፈንታሁን ደጅ ድረስ አቧራውን እያዩ በእግራቸው ወረዱና ተመለሱ።

የጀማል ሚስት ሀዋ ከመንገዱ ዳር ተቀምጣ ባሏን አጥቦ ለመቅበር ፈቃድ ትጠብቃለች።

«ልጄ፣ ባልሽ ለመኪናው ይጠነቀቅ ነበር?»

«ማለዳ ማለዳ ሞተሩ ሳይነሳ ውሃውን ያያል፣ ቱቦውን በጣቱ ይጨምቃል፣ ቺንጋውን፣ የሞተሩን ቀበቶ፣ ይፈትሻል። ከፈላበት ደግሞ እስኪበርድ ቁጭ ይላል። አስመራ ሳለን ጓደኛው በእንፋሎት ዓይኑን አጥቷል። ትኩስ ራዲያተር አይከፍትም፣ ወላሂ!»

«አስመራ ብዙ ኖራችሁ?»

«እኔ ያደግሁት እዚያው ነው፤ እናቴ የጣልያን መሐንዲስ ወጥ ቤት ነበረች።»

ባሻ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህን ለሰው እንዳታወሪ። ስናገር ከጎኔ ቁሚ።»

ጀምበር ስታዘቀዝቅ መንደርተኛው ተሰበሰበ። ወታደሮቹ ችቦ ይዘዋል። ባሻ ይናገራሉ፣ አለሙ ይተረጉማል።

«ቱቦው ገሳይ ላይ ተቀድዶ ቢሆን ውሃው መንገድ ለመንገድ ይንጠባጠብ ነበር። አቧራው ላይ ጠብታ የለም። ራዲያተሩም እዚህ ሳይደርስ ባዶ በቀረ፤ ከባዶ የፈላ ውሃ አይወጣም። የረጠበው ካሚዮኑ የቆመበት ብቻ ነው፤ ቱቦው የተቀደደው እዚሁ ነው። ክዳኑን ደግሞ ማንም አልከፈተውም፤ አቧራውን እንደ ለበሰ ነው።»

ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀ።

«ከተከፈተ ራዲያተር የሚወረወር ውሃ ልብስ ሳያርስ ፊት ብቻ አይመታም። በሕይወት ያለ ገላ ሲቃጠል ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፤ የሞተ ግን ይላጣል እንጂ አይቋጥርም። ጀማልን ከኋላ መትተው ከገደሉት በኋላ ነው ቱቦውን ቀድደው፣ የፈላውን በቆርቆሮ ተቀብለው የደፉበት። ቆርቆሮው ከወንበሩ ሥር አለ፤ ውስጡ የራዲያተሩ ዝገት ነው። የሞተ ሰው አይጮህም። ‹ሲጮህ ሰማሁ፣ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም› ያለው ይኸው ቃሌን የሚተረጉመው ሰው ነው!»

አለሙ ፊቱ ሳይለወጥ ረጅም ተናገረ። ባሻ ቋንቋውን ባይሰሙም «ፈንታሁን» የሚለውን ስም ሁለት ጊዜ ለዩ፤ እሳቸው አንድ ጊዜም አልጠሩትም። ካፒቴኑ ወደ ጥዱ ጠቆመ። ጠመንጃዎች ተቀባበሉ። የፈንታሁን ሚስት ፈንታነሽ ኡኡ አለች።

«አሁን ልጄ!» አሉ ባሻ።

ሀዋ ሻሿን ከአፏ ገለጠችና በጣልያንኛ ተናገረች። ካፒቴኑ በድንጋጤ ዞረ። አለሙ ሊያቋርጣት ሲል ካፒቴኑ በእጁ ዝም አሰኘው። ባሻ ያሉትን አንድ ሳታስቀር ነግራው የራሷን ጨመረችበትና ይህንኑ ወደ መንደርተኛው መለስ ብላ በአማርኛ ደገመች፤

«ሐሙሲት ላይ አንድ ገበሬ ‹ጠመንጃ የለኝም› ሲል፣ ይህ ሰው ‹አለኝ፣ አልሰጥም› ብሎ ተረጎመበት። ተሰቀለ። አለሙ የገበሬውን መሬት ይመኝ ነበር። ባሌ ቆሞ ሰምቷል። ‹ነፋስ መውጫ ስንደርስ ለካፒቴኑ በራሱ ቋንቋ እነግረዋለሁ› ብሎኝ ነው የወጣው።»

ወታደር ቆርቆሮውን አመጣ። ካፒቴኑ ጣቱን ከቶ አወጣ፤ ቀይ ዝገት። አለሙ አንድ እርምጃ ሲያፈገፍግ ከኋላው የቆመው አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ ሽጉጡን ከወገቡ ነጠቀው።

ካፒቴኑ ሀዋን አንድ ነገር ጠየቃት።

«ምን አለሽ?» አሉ ባሻ።

«አስተርጓሚ ሁኚልኝ አለኝ።»

«አንቺስ?»

«ባሌን ልቅበር አልኩት።»

ካፒቴኑ ችቦዎቹን አስጠፋ። ፈንታሁን ገመዱ ሲፈታለት የደነዘዘ እጁን እያሻሸ መጣና፣ ማንም ሳያዘው፣ የጀማልን ቃሬዛ ከፊት በኩል አነሳ።