በበርሚል ታንኳዬ ያሳፈርኩት ሰው

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ጥሎ የሚሄድ ሰው ነበርኩ፣ እመነኝ። ጋራዥ ውስጥ ልጆቹ ምሳቸውን በልተው ስለ ጅንና ስለ ቆሪጥ ሲጀምሩ «መጀመሪያ መዶሻውን አቀብሉኝ፣ ከዚያ ትፈራላችሁ» ብዬ የምቆጣ፣ በእጄ ካልዳሰስኩት በቀር ምንም ነገር አለ የማልል በያጅ ነኝ፣ ሚስቴ እንኳ «አንተ እኮ ሰይጣኑ ራሱ ቢመጣ ስንት ኪሎ ነህ ትለዋለህ» እያለች ትስቅብኝ ነበር። አሁንም አመንኩ አልልህም፣ የሆነውን እነግርሃለሁ፣ ስሙን አንተ አውጣለት።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ የሐረር መንገድ ገና አቧራ፣ እኔም ገና ጎረምሳ። ከአሰበ ተፈሪ ተነስቼ አንዲት ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ ልሠራ ሄድኩ። የከተማዋን ስም ተወው፣ የሰዎቹ ዘመዶች ዛሬም አሉ፣ ከሂርና ብዙም አትርቅም ካልኩህ ይበቃሃል። ሐይቁን የአገሩ ሰው «ሐሮ» ብቻ ነው የሚለው፣ በኦሮምኛ ያው ሐይቅ ማለት ነው፣ ዛሬ ብትሄድ ደርቆ ጫት ተተክሎበት ታገኘዋለህ፣ ያኔ ግን ውሃው የቤቶቹ ጓሮ ድረስ ይመጣ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን መኪናው የተሰበረበት ፈረንጅ ትቶት በሄደው መጽሔት ላይ አንድ ሰው በቀጭን ታንኳ ተቀምጦ፣ በሁለቱም ጫፍ ምላስ ያለው መቅዘፊያ ይዞ ሲንሸራሸር አየሁ። እኔስ ምን አነሰኝ! በርሚሎች ሰንጥቄ፣ ጫፍና ጫፉን አሹዬ በየድኩና፣ ከፊት አንድ ከኋላ አንድ መቀመጫ አድርጌ፣ ለመቅዘፊያ ሸንበቆ ላይ ቆርቆሮ አሰርኩ። ከተማው ሁሉ «የተሾመ ገንዳ» ብሎ ሳቀብኝ፣ ይሳቁ። ከታንኳው ጎን ዙሪያውን ቀይ መስመር ቀብቼ ነበር፣ ብቻዬን ስቀመጥ ውሃው ከመስመሩ በታች ይቆማል፣ የሥራ ባልደረባዬ ጀማል ከፊት ሲቀመጥ ደግሞ መስመሩን ይሸፍነዋል። ይህቺን መስመር አትርሳት።

ከሥራ በኋላ እጄን በሳሙና ፈትጌ፣ ታንኳዬን ገፍቼ፣ የከተማዋን ዳር ዳር ይዤ እቀዝፍ ነበር። ኧረ ስንቱን ታያለህ፣ ከተማን ከጓሮዋ ስታያት ሌላ ናት፣ ሴቶቹ ድንጋይ ላይ ያሰጡትን ልብስ ይሰበስባሉ፣ ወፍጮ ቤቱ ዱክ ዱክ ይላል፣ ከመስጊዱ አዛን ይሰማል፣ እኔ ደግሞ እስከ ፊላው ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ፊላ ታውቃለህ፣ ለሰሌን የሚታጨደው ረጅሙ የውሃ ሣር ነው፣ ከከተማው ማዶ ሰው ሙሉ ውጦ የሚያስቀር ፊላ ነበር።

እዚያ ነው የጀማል ታናሽ ወንድም አሜ የቀረው። እኔ ከመምጣቴ በፊት ባለው ክረምት ፊላ ሊያጭድ በእንጨት ርብራብ ገብቶ፣ ርብራቡ ማጭዱንና ሸሚዙን እንደያዘ ብቻውን ተንሳፎ ተመለሰ። ፈለጉ፣ ጠለቁ፣ የለም። ጀማል ቻለው፣ እናታቸው አዴ ዘይነባ ግን አልቻሉም፣ ሬሳው ሳይታጠብ፣ ሳይከፈን፣ አፈር ሳይቀምስ እንዴት ልጄ ሞተ ልበል አሉ። በየቀኑ ፀሐይ ስትጠልቅ ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውሃውን ያያሉ። አንዲት ፍሬ የምታክል ሴት ናቸው፣ ሳያቸው አንጀቴን ይበሉኛል፣ እውነቱን ልንገርህና ደግሞ እሸሻቸው ነበር።

አንድ ቀን ግን ታንኳዬን ስገፋ ያዙኝ።

«ተሾመ፣ ልጄ፣ አሜን እዚያ ካየኸው ጥለኸው አትምጣ።»

«እሺ አዴ።»

«እሱ ዓይን አፋር ነው። ጮሆ አይጠራህም፣ ጉሮሮውን ብቻ ነው የሚጠራርገው። እንዳታልፈው።»

ምን ልበላቸው? ላጽናናቸውም፣ ቶሎ ልገላገልም ብዬ ሳቅ አልኩና፣ «ካገኘሁትማ አሳፍሬ አመጣልዎታለሁ፣ ቦታ ሞልቶ» አልኳቸው።

«ቃልህ ነው?»

«ማርያምን!» አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፣ ያኔ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ቀዘፍኩ። ነፋስ የለም፣ ውሃው ዝም ብሏል፣ የመግሪብ አዛን አብቅቶ ሰማዩ ገና ቀላ እንዳለ ነው። ፊላው ጋ ደርሼ ልዞር ስል የወፍጮው ድምፅ ቀጥ አለ። ሞተሩን አጥፍተው ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ፣ ይሄኛውን ማን አጠፋው? መቅዘፊያዬን አንስቼ ሳዳምጥ፣ ከፊላው ውስጥ፣ እዚሁ እጄን ብዘረጋ ከምደርስበት፣ አንድ ሰው «እህ… እህህም» አለ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ያለበለዚያ ሞኝ ትለኛለህ። በዚያ መንገድ ላይ የምንሠራ ሰዎች ማንም ያልጻፈው ሕግ ነበረን፣ ሲመሽ መንገደኛ ጥሎ ማለፍ ነውር ነው፣ ጅብ አለ፣ ሽፍታ አለ፣ አንዱ መንገድ ዳር ቆሞ ጉሮሮውን ከጠራረገ ሾፌሩም ረዳቱም ሳያስቡት «ና ግባ» ነው የሚሉት። እኔም ፊላ ሲያጭድ የመሸበት ሰው መስሎኝ፣ እንደ ልማዴ፣ «ና ግባ» አልኩ። አሜም፣ አዴ ዘይነባም ትዝ ያሉኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ፊላው አልተንቀሳቀሰም። ታንኳው ግን ከፊቱ ዝቅ አለ።

ስሞትልህ፣ ልክ ሰው እግሩን አንስቶ ገብቶ ሲቀመጥ እንደሚለው ነው ያለው፣ ወደ ጎን ዘንበል፣ ከዚያ ረጋ። ከፊቴ ያለው መቀመጫ ባዶ ነው፣ አየዋለሁ እኮ፣ የበርሚሉ ቆርቆሮና የኔ ብየዳ ብቻ። ፈሰሰ እንዴ ብዬ እጄን ወደ ታች ሰድጄ ወለሉን ዳሰስኩ፣ ደረቅ ነው፣ የኔ ብየዳ አያፈስም። ወደ ጎን ጎንበስ ብዬ ቀዩን መስመር ፈለግኩት። ውሃ ውስጥ ገብቷል።

ፈራሁ፣ ምን እደብቅሃለሁ። ዘልዬ እንዳልወጣ ዋና አልችልም፣ ዋና ሳይችል ሐይቅ ላይ የሚንሸራሸር ጅል አይተህ ካላወቅህ እኔን እይ። አዙሬ መቅዘፍ ጀመርኩ፣ ታንኳው ከበደኝ፣ ጀማልን ይዤ ስሄድ እንደሚከብደኝ ሳይሆን ከዚያም በላይ ከበደኝ። አዲስ የታጨደ ፊላ ይሸተኛል። ከፊቴ ቆርቆሮው ላይ ጠብ… ጠብ… ይላል፣ ከእርጥብ ልብስ የሚወርድ ውሃ ዓይነት፣ የሚወርደውን ግን አላይም። «አባታችን ሆይ» ብዬ ጀመርኩና እኩሌታው ላይ ጠፋብኝ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የምደግመው ጸሎት ጠፋብኝ!

«ወንድሜ፣ ማን ነህ?» አልኩ በመጨረሻ።

«እህህም» አለ። ሌላ ምንም።

አዴ ዘይነባ፣ ሁልጊዜ አዛን ሲሰማ ወደ ቤታቸው የሚገቡት ሴት፣ ያን ዕለት አልገቡም። ድንጋዩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፣ ልጃቸው ከቀረ ወዲህ እግራቸውን ውሃ ነክቶት የማያውቅ ሴት እስከ ጉልበታቸው ገቡ። እኔን አላዩኝም። ባዶውን መቀመጫ እያዩ፣ «ያ አሜ! ኮቱ፣ ገሊ» አሉ። በኦሮምኛ ና ግባ ማለታቸው ነው፣ እኔ ያልኩትን ቃል ነው ያሉት። ታንኳው ከፊቱ ብድግ አለ፣ ወደ ኋላ ልገለበጥ ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ነጠላቸውን አውልቀው አየር ላይ አለበሱ፣ ክንዳቸውን እንደሚደግፍ ሰው ዘርግተው ዳገቱን ወጡ፣ ዞር ብለው «ቃልህን ጠበቅህ፣ አላህ ይስጥህ» አሉኝ።

በማግስቱ ጀማል ገና ከበሩ፣ «እናቴን ምን አደረግካት? ሌሊቱን ስትስቅ አደረች» አለኝ። ነገርኩት። ሰደበኝ። ከዚያ ወዲህ አዴ ዘይነባ ሐይቁ ዳር መጥተው አያውቁም። ምግብ ለሁለት ማቅረብ ጀመሩ፣ በበጋ ደረቅ አፈር ላይ ደጃፋቸው ጠዋት ጠዋት እርጥብ ሆኖ ይገኛል፣ ቤቱ ፊላ ፊላ ይሸታል፣ ጀማል ሳምንትም ሳይቆይ ጓዙን ጠቅልሎ ጋራዥ ማደር ጀመረ። ለዒድ እንኳን አደረስዎ ልላቸው ሄድኩ፣ ፊታቸው ወዝ አውጥቶ፣ ሳቂታ ሆነው አገኘኋቸው። «ቀስ ብለህ ተናገር፣ አሜ ተኝቷል» አሉኝ፣ ከመጋረጃው በስተጀርባ ጉሮሮውን ጠራረገ። ምን ብዬ እንደወጣሁ አላውቅም። ግን እኮ ደስ ብሏቸዋል አልኩ ለራሴ፣ ልጃቸው ነው፣ እናት ልጇን አገኘች፣ እኔን ምን አገባኝ፣ እንዲያውም ጽድቅ ነው። በዚህ ተጽናንቼ ነበር።

ክረምቱ እንዳለፈ፣ ጀማል አንድ ጎረምሳ ይዞ ጋራዡ በር ላይ ቆመ፣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ የጀማል ፊት ማለቴ ነው።

«ተሾመ፣ አሜ ነው» አለኝ።

እጁን ጨበጥኩት፣ ይሞቃል፣ ናፍጣ ይሸታል። ለካስ ያን ዕለት ከወንድሙ ተጣልቶ ርብራቡን ለቆ፣ በፊላው ማዶ ወጥቶ፣ ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ቦርደዴ ወርዷል፣ እዚያ ረዳት ሆኖ ሲሠራ ነበር። ሞተ መባሉን የሰማው በቅርቡ፣ ከአንድ ሾፌር አፍ ነው፣ «ይኸው እናቴን ልስም መጣሁ» ይላል ልጁ፣ ያለቅሳል። ጀማልና እኔ ተያየን። ሁለታችንም አንድ ነገር ነው ያሰብነው።

ሦስታችን ሄድን። አዴ ዘይነባ በራቸው ላይ ቆመው አሜን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፣ በደግ ዓይን ነው ያዩት፣ ክፋት የለበትም።

«አሜን ትመስላለህ» አሉት። «የማን ልጅ ነህ?»

«አዮ፣ እኔ ነኝ! እናቴ፣ እኔ ነኝ እኮ!»

«አይ ልጄ። አሜ ገብቷል። ውስጥ ነው።»

እግራቸው ላይ ወደቀ፣ ፀጉሩን ዳበስ ዳበስ አደረጉለት፣ እንደ ባዕድ ልጅ። ያን ጊዜ ከውስጥ «እህህም» ተባለ፣ የአሜ እጅ ደርቆ ቀረ፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። «ጋሼ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ይሄ የኔ ድምፅ ነው።» አዴ ዘይነባ ቶሎ በሩን ዘጉት፣ የሚጠብቃቸው ሰው እንዳለ።

አሜ ከጀማል ጋር ጋራዥ አደረ፣ ከዚያ በኋላም እናቱ ቤት አንድ ቀን አልተኛም። ጠዋት ይሄዳል፣ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፣ እንግዳ ሆኖ ውሃ ይሰጡታል፣ ጠጥቶ ይመለሳል። ሼኹም መጡ፣ ቁርአን ቀሩ፣ ቄሱን እኔ ለመንኩ፣ እሳቸውም ከደጃፉ ተመለሱ። ታንኳዬን በመዶሻ ቀጥቅጬ ጣልኩት። ምን ዋጋ አለው፣ ያሳፈርኩት ወርዶ ገብቷል። አሜ አንድ ቀን ብቻ ጠየቀኝ፣ «ጋሼ፣ ያኔ ማንን ነው ያመጣህላት?» አለኝ፣ እኔ እንደሆን ፊቱን አላየሁ። እስከ ዛሬ በሬ ላይ ጉሮሮውን የሚጠራርግ ሰው ካለ ወጥቼ ሳላየው ግባ አልልም፣ ልጆቼ አረጀ ይሉኛል።

አዴ ዘይነባ ብዙ አልቆዩም። አንድ ጠዋት ጎረቤት ተጣራ፣ መልስ የለም፣ በሩ ሲከፈት አልጋቸው ላይ አርፈዋል፣ ከጎናቸው ያለው መኝታ እርጥብ ነበር። ከመጋረጃው በስተጀርባ ማንም የለም። ጀማል እፎይ አለ፣ እኔም እፎይ አልኩ፣ ይህን ባልደብቅህ ይሻላል። በዚያ ከተማ ለቀብር ክርስቲያን እስላም አንልም ነበርና ቃሬዛውን ለመሸከም ገባሁ፣ ከፊት አሜ፣ እኔ ከኋላው፣ ጀማል በወዲያኛው ጎን ነን። አንዲት ፍሬ የምታክል ሴት ናቸው አላልኩህም? ስናነሳ ትከሻዬ ጎበጠ። ጎረምሶቹ እየተቀያየሩ ያልባቸዋል፣ ከከፈኑ በኩል የፊላ ሽታ ይመጣል። ያን ክብደት አውቀዋለሁ። ከፊላው እስከ ድንጋዩ ድረስ የቀዘፍኩት ነው።

መቃብሩ ልንደርስ ስንል አሜ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ «ጋሼ፣ ከበደህ?» አለኝ።

«ኧረ ምንም» አልኩት።