የዋሽንቱ ሸክላ

የሙዚቃ ክፍሉ ኃላፊ ዴዝመንድ ፕሩዌት ከመሰላሉ ሥር ተደፍቶ የተገኘው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ከሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ የኖሪቹ ቴሌቪዥን ጣቢያ እንደ ወትሮው በሁለት ፕሮግራሞች መካከል ዕረፍት ላይ ነበር። በስክሪኑ ላይ አንድ ቋሚ ሥዕል ብቻ እየታየ የዕረፍት ሙዚቃ ሲሰማ ቆይቷል።

«የሙዚቃ ሸክላ ከመደርደሪያ ሊያወርድ ወጥቶ ወደቀ» አሏት ለኢንስፔክተር አግነስ ቶርቢ። እሷ ግን የሟቹን መነጽር ከደረት ኪሱ አገኘችው። ያለ መነጽር የሸክላ ስም ማንበብ የማይችል ሰው መሰላል ላይ ምን ይሠራል?

በሕንጻው ውስጥ ሌሎች ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እርስ በርስም በጎሪጥ ይተያያሉ።

ፕሮግራም አስተዋዋቂዋ ኢኒድ ሳሊስ እጇን አጣምራ ተቀመጠች። «ጠዋት ተጣልተናል፣ አልክድም። በዕረፍት ሰዓት የሚሰማውን የዋሽንት ሸክላ ጣለው አልኩት፣ እምቢ አለ። ከሰኞ ጀምሮ ተጭሮ ሁለተኛው ዜማ ላይ ይንተባተባል። ተመልካቹ እየደወለ የሚሰድበው ደግሞ እኔን ነው።»

በረኛው ሽማግሌ ግርሊንግ በበኩሉ፣ «የገባም የወጣም የለም» አለ።

«ዛሬስ ስንት ሰው ደወለ?» አለች ቶርቢ።

«አንድም ሰው። ስልኩም ቴሌቪዥኑም አጠገቤ ነው። ዋሽንቱ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ብሎ ሲፈስ ሻይዬን ጠጣሁ።»

ሙዚቃ አጫዋቹ ኮሊን ሃዶው ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ላይ ቆይቶ የተመለሰው በዚያው ቀን ነበር። «ከማጫወቻው አልተነቃነቅኩም፣ እመቤቴ» አለ። «ሸክላ በየሃያ ደቂቃው ካልተገለበጠ ይቆማል። ሙዚቃው ግን አልቆመም፤ ግርሊንግን ጠይቂው።»

«የትኞቹን አጫወትክ?»

«መዝገቡ ላይ ጽፌዋለሁ። በዋሽንቱ ጀመርኩ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቶርቢ ሦስቱንም ስቱዲዮ ሰበሰበችና የዋሽንቱን ሸክላ ማጫወቻው ላይ አኖረችው። ሁለተኛው ዜማ ላይ ሲደርስ መርፌው ዘለለ፤ ደግሞ ዘለለ።

«ሚስተር ግርሊንግ፣ የሰማኸው ይህን ነው?»

«አይደለም» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ።

«ስለዚህ ዛሬ የተጫወተው ሸክላ አይደለም፤ ሳይጫር በፊት የተቀዳ የቴፕ ክር ነው። ክር አገላባጭ አያስፈልገውም። ሚስተር ሃዶው ሙዚቃውን ከፍቶ ከማጫወቻው ክፍል ወጣ። ዕረፍት ላይ ስለነበረ ሸክላው መጫሩን አላወቀም። ክሩን ከካፖርትህ ኪስ አግኝተነዋል፣ ሚስተር ሃዶው።»

ሃዶው መርፌውን ከሸክላው ላይ አነሳ።

«ሸክላው ላይ የዜማው ደራሲ ተብሎ የተጻፈው ያንተ ስም ነው። በፕሩዌት መሳቢያ ግን በእጁ የተጻፈ የዜማውን ኖታ አገኘሁ፤ የተጻፈበት ቀን ሸክላው ከመታተሙ ሦስት ዓመት በፊት ነው። እውነቱን ሊናገር ነበር፣ አይደል?»

«ነገ እናገራለሁ አለኝ» አለ ሃዶው። «አሥራ አንድ ዓመት ማንም የማይሰማውን ሙዚቃ ሳጫውት ኖርኩ። አንዲት ዜማ በስሜ ብትጠራልኝ ምን ነበረበት? ገፋሁት። ግንባሩ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አረፈ። መሰላሉን ያመጣሁት በኋላ ነው።»

ኢኒድ ፊቷን አዞረች።

በዚያ ጣቢያ የዕረፍት ሙዚቃ ደራሲ ስም በአየር ላይ ተጠርቶ አያውቅም። በማግስቱ ኢኒድ ማንንም ሳታስፈቅድ ማይክሮፎኑን ከፈተች። «አሁን የምትሰሙት ዜማ የዴዝመንድ ፕሩዌት ነው» አለችና እስኪያልቅ ድረስ ከወንበሯ ሳትነሳ አዳመጠችው።