ዳማ እና የሦስተኛው ቅዳሜ ባቡር

«ሦስት ቅዳሜ ቁጠሩ። በሦስተኛው ቅዳሜ ዳማ ላይ ተቀምጬ፣ ከሐዲዱ መሻገሪያ እስከ ድልድዩ ባቡሩን ካልቀደምኩት ስሜን ለውጡት!»

ዲንቄ ይህን ያለችው በትምህርት ቤቱ ግቢ ከአንድ የባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ወጥታ ነው። ጉቶው አያስፈልጋትም ነበር፤ ድምጿ ያለ ጉቶም አቃቂን ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳል።

«ባቡሩን?» አለች የክፍሏ ልጅ መሰለች። አባቷ ባቡር ጣቢያ ስለሚሠራ፣ መሰለች ባቡሩን እንደ ቤታቸው ዕቃ ነው የምታየው። «በዚያ በጋሪ ፈረስ?»

«ጋሪ መጎተቱ ድሮ ነው። አሁን የእኔ ፈረስ ነው።»

«የአያትሽ ነው» አለ ኦላና ከኋላ።

«አንተ ደግሞ ዝም በል፣ ማን ጠየቀህ!»

ልጆቹ ሳቁ፣ ጮኹ፣ ቀኑን ያዙ። ደግነቱ አንድም ሰው ዳማ ባቡር ይወድ እንደሆነ አልጠየቃትም። ቢጠይቋት ኖሮ መዋሸት ነበረባት።

ዳማ ለአያቷ ለአባባ ደበላ የመጣው ከፋሲካ በኋላ፣ ከአንድ የቃሊቲ ጋሪ ነጂ ነው። ትከሻው ላይ ጋሪው የላጠው ጠባሳ አለ። ውሻ ቢጮህበት አይደነግጥም፤ የክር ፋብሪካው ሳይረን ሲያንባርቅ ጆሮውን እንኳ አያነቃንቅም። የባቡር ጥሩምባ የሰማ ቀን ግን አለቀ! እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ከዚያ ዞሮ ወደ ቤት። የእነ ዲንቄ ቤት ደግሞ ከሐዲዱ ወዲህ፣ እርሻው በኩል ነው። ገበያውም፣ ሳሪስ አቦም፣ የአባባ ደበላ ወዳጆችም ከሐዲዱ ወዲያ ናቸው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሽማግሌ፣ ሐዲድ የማይሻገር ፈረስ ጌጥ ብቻ ነው።

«ወንድሜ ሮሪሳ ከሰንዳፋ መጥቶ ይወስደዋል» ብለው ነበር አባባ፣ ቅር እያላቸው። «እዚያ ባቡር የለም፤ ያርፋል።»

ሮሪሳ የሚመጡት በሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ዲንቄ ያን ቀን የመረጠችው እንዲሁ አልነበረም። ዳማ በሰው ሁሉ ፊት ባቡር ከቀደመ፣ እስቲ ማን ደፍሮ ይወስደዋል?

መላውም አልጠፋትም። ጋሪ ነጂዎች ፈረሳቸው እንዳይደነብር ከዓይኑ ግራና ቀኝ ቆዳ ያንጠለጥላሉ። ግማሽ መከለል ይህን ያህል ከጠቀመ፣ ሙሉ መሸፈንማ እንዴት ያለ መድኃኒት ይሆናል! ከጆንያ ቀድዳ፣ በወስፌ ሰፍታ፣ አባባ ለቅሶ የሄዱ ዕለት የዳማን ዓይን ሸፈነችው። አለንጋ ይዛ ተቀመጠችበትና ሐዲዱ አጠገብ ካለው ሜዳ ወሰደችው።

የጭነት ባቡሩ ጥሩምባውን ነፋ። ዳማ ከየት እንደመጣበት አላወቀም፤ ወደ ግራ ዘለለ፣ ወደ ቀኝ ዘለለ። ዲንቄ ዛቡን በሙሉ ኃይሏ ጎተተች፣ በአለንጋውም ጨመረችለት። ቀጥሎ የምታስታውሰው የሰማይን መልክ ነው፤ ከዚያ ጭቃ። ጆንያው ወልቆ ወድቋል፤ ዳማ የለም።

እያነከሰች ወንዙ ድረስ ፈለገችው። ጠፍቶ እንደሚቀር፣ ካገኘችውም እንደሚሸሻት እርግጠኛ ነበረች። ዳማ ግን ዛቡ መሬት እየጎተተ፣ ላብ አጥምቆት፣ መልካው ላይ ቆሟል። ስትጠጋው አንገቱን ዝቅ አደረገና በጭቃ የተለወሰ እጅጌዋን አሸተተ። ከአፉ ዳር ትንሽ ደም አየች። የዛቡ ሥራ ነው፤ ማለትም የእሷ ሥራ። ያኔ ነው ያለቀሰችው። በወደቀችበት ሰዓት እንኳ አላለቀሰችም ነበር።

ከለቅሶ ሲመለሱ አባባ ደበላ ጆንያውን ከሜዳው ላይ አንስተው ነበር የመጡት። ፈረሱን አዩት፣ እሷን አይዋት። እሷ ቁጣ ጠበቀች።

«ዓይኑን ሸፈንሽው» አሉ ቀስ ብለው። «ጆሮውንስ ለማን አደራ ሰጠሽው?»

በማግስቱ እጇን ይዘው ወደ ሐዲዱ ወሰዷት። ሃያ ርምጃ ያህል ሲቀራቸው ቆሙና ያንኑ ጆንያ ዘረጉላት።

«አጥልቂው።»

«እኔ? አባባ፣ ልጆች ቢያዩኝስ?»

«አጥልቂው ብዬሻለሁ።»

አጠለቀችው። ገብስ ገብስ፣ አይጥ አይጥ ይሸታል። መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ከዚያ መሬቱ ከጫማዋ ሥር መንዘር ጀመረ። ጥሩምባው ከፊቷ ነው? ከኋላዋ? ወደ እሷ እየመጣ ነው?

«አባባ! በየት በኩል ነው? እጄን እንዳይለቁኝ! አባባ!»

«ይዤሻለሁ።»

ባቡሩ ዓመት የፈጀ መሰላት። ጆንያውን ሲያወልቁላት ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር።

«ምን አማረሽ?» አሏት።

«መሮጥ።»

«ወዴት?»

«ወደ ቤት።»

«ያን ጊዜ በአለንጋ ብገርፍሽስ?»

ቤት እንደገቡ ዲንቄ በርጩማ ላይ ወጥታ አለንጋውን ጣራው ሥር፣ እጇ ከማይደርስበት ቦታ ሰካችው።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ ኪሷን ገብስ ሞልታ ዳማ ላይ ተቀምጣ ትወጣለች። በመጀመሪያው ቀን የቆሙት በጣም ርቀው ነው፤ ባቡሩ ከዚያ ሲታይ የክብሪት ሣጥን ያህላል። ዳማ ዞሮ ማየት ከፈለገ ያያል፤ አትይዘውም። ሲረጋጋ ገብሱን ያገኛል። በነጋታው አሥር ርምጃ ቀረብ ይላሉ። ከፈራ፣ አሥሩን ርምጃ ይመለሳሉ። አንድ ቀን ሃያ ተመልሰዋል፤ ዲንቄ በንዴት ከንፈሯን ነክሳ ነበር፣ ግን ተመለሰች።

አባባ ደበላ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ያርሟታል።

«ዛቡን ልቀቂለት። ባቡር በመጣ ቁጥር አንቺ ትጨነቂና ትጎትቺያለሽ። አፉን ያመዋል። እሱ ደግሞ ያሳመመኝ ባቡሩ ነው ይላል።»

«ታዲያ ሲያልፍ ምን ልሥራ?»

«ተንፍሺ። አውሪው። ወሬ መቼም አታጪም።»

ወሬው እንኳ ሲያልቅባት የሰባትን ማባዣ ትልለት ጀመር፤ ሰባት ጊዜ ሁለት ዐሥራ አራት፣ ሰባት ጊዜ ሦስት ሃያ አንድ። ጉልበቷን ስታላላ ጀርባው ሲላላ ተሰማት፤ ትንፋሿ ሲረዝም የእሱም ይረዝማል። እስከዚያ ቀን መጋለብ ማለት መያዝ ይመስላት ነበር። ለካስ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ያለው ሁሉ ሲያናግራት ኖሯል።

ሦስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። መሻገሪያው ላይ የአምስተኛ ክፍል ግማሹ ተሰብስቧል። መሰለች ውሃ ልትቀዳ የወጣች መስላ፣ የእናቷን አህያ ጀሪካን እንደጫነች ሐዲዱ ዳር አቁማታለች። ከሐዲዱ ወዲያ አባባ ደበላና ወንድማቸው ሮሪሳ ቆመዋል። ሮሪሳ ክንዳቸው ላይ ገመድ ጠምጥመዋል። የዲንቄ ዓይን ከገመዱ ላይ አልነሳ አለ።

«ከጣቢያው ተነሥቷል!» ብላ መሰለች ጮኸች።

ኦላና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሰብሮ አቀበላት። «ያዢ፣ ያስፈልግሻል።»

ጥሩምባው ተሰማ። የዳማ ቆዳ ከእግሯ ሥር ተርገፈገፈ። ከፊቷ መንገዱ እስከ ድልድዩ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። ባቡሩ ከጣቢያ ሲነሣ ቀርፋፋ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ብትገርፈው ዳማ ይቀድመዋል። ይህን ታውቃለች። ዳማ የሚሮጠው ግን ባቡሩን ለመቅደም አይደለም፤ ያን ጊዜ ጆንያ ውስጥ ሆና እሷ ልትሮጥ እንዳማራት ነው።

«ልቀቂው! ዲንቄ፣ ልቀቂው እንጂ!»

ለቀቀች፤ ቅርንጫፉን። ዛቡን አላላች፣ እጇን አንገቱ ላይ አሳረፈች። «ሰባት ጊዜ አራት» አለችው በጆሮው፣ «ሃያ ስምንት። አይዞህ፣ ይዤሃለሁ።»

ባቡሩ እየተንኳኳ አለፈ። ከመስኮቱ አንድ መንገደኛ እጁን አወዛወዘላት። ዳማ ጆሮውን አቁሞ፣ አንድ ጊዜ በአፍንጫው ነፍቶ፣ እስከ መጨረሻው ፉርጎ ድረስ አየው። ከዚያ ዲንቄ በተረከዟ ነካ አደረገችው፤ ሰኮናውን አንስቶ፣ ብረቱን አሽትቶ፣ ተሻገረ።

«ሮሪሳ» አሉ አባባ ደበላ፣ «ገመድህን ብቻ ይዘህ ሰንዳፋ ግባ።»

ዲንቄ ወረደች። ያን የሚያማቸውን ጉልበት ጎንበስ ብላ ሳመችው። ቀጥሎ ግንባሯን የዳማ አንገት ላይ ደገፍ አድርጋ፣ ማንም ሳይሰማት፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። መልካው ላይ ስለጠበቃት ነው፤ ሰፍታ ስላጠለቀችለት ጆንያም ቂም ስላልያዘባት።

ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። ከዚያ ዲንቄ ዲንቄ ናትና፣ ደረቷን ነፍታ ወደ ልጆቹ ዞረች።

«አያችሁ? ያ ሁሉ ባቡር አፍንጫው ሥር ሲያልፍ ንቅንቅ አላለም! እስቲ እንዲህ ያለ ፈረስ የሚገራ አቃቂ ውስጥ አንድ ሰው ጥሩልኝ!»

መሰለች ዳማን አየችው። ከዚያ ሐዲዱ ዳር ወደቆመችው ወደ እናቷ አህያ ዞር አለች።

«የእኛም አህያ ንቅንቅ አላለች» አለች። «እሷ እንዲያውም ሣሯን አላቋረጠችም።»