በጥምቀት ዕለት የተሠራ ፈተና

ፋና ሰው ቶሎ የምታምን ልጅ አልነበረችም። ፍሥሐን ግን አመነችው፤ አምናም ደብተሩን ሰጠችው።

ደብተሩ ላይ የሠላሳ ሁለት ተማሪዎች የይለፍ ቃል ተጽፏል። ደብረ ብርሃን ባለ አንድ የወጣቶች ማዕከል ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ሒሳብ በኦንላይን ሲማሩ፣ አንድ ድርጅት ደመወዝ እየከፈላት የምትረዳቸው እሷ ናት። ግማሾቹ ከተፈናቃዮች መጠለያ ነው የሚመጡት፤ የራሳቸው ስልክ የላቸውም፣ የይለፍ ቃላቸውንም በየሳምንቱ ይረሳሉ። ፍሥሐ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የከበዳቸውን የሚያስረዳ መምህር ነው።

የመጀመሪያ ቀን ብርዱ እጁን አደንዝዞት ጠመኔው ሦስቴ ወደቀበት። ፋና ስቃ ጓንቷን ሰጠችው። አልመለሰላትም፤ እሷም አልጠየቀችው።

«ለጥምቀት ሎሚ ይዤ እመጣለሁ፤ ደረትሽን ጠብቂ!» አላት ታኅሣሥ ላይ።

«አንተ? ጠመኔ እንኳ መያዝ አቅቶህ!»

በዋዜማው ግን ደወለ። «አባቴን አሟቸው እነዋሪ መሄዴ ነው።»

ፋና ጧፍ አበራችላቸው። በበዓሉ ብቻዋን ወጥታ፣ ተማሪዋ ፅጌረዳ ከመዘምራኑ ጋር ከታቦቱ ፊት ስትዘምር እያየች ዋለች። ሎሚ የያዙ ጎረምሶች ሲያልፉ ፊቷን ታዞር ነበር።

በሳምንቱ ፅጌረዳ ግራ ገብቷት መጣች።

«ቲቸር፣ ኮርሱን ጨርሰሻል ይለኛል። ዘጠና ስምንት!»

«ታዲያ እልል አትይም?»

«እኔ እኮ ገና ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ።»

ፋና መዝገቡን ከፈተች። የሃያ ስድስት ልጆች ፈተና በአንድ ቀን ተሠርቷል፤ ጥር አሥራ አንድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ። በዚያ ሰዓት ፅጌረዳ ፋና እያየቻት ትዘምር ነበር። ደብተሩ ያለው ደግሞ ፍሥሐ እጅ ነው።

ቅዳሜ ሲመጣ «አባትህ እንዴት ናቸው?» አለችው።

«ተሽሏቸዋል፣ ተመስገን።»

ዓይኑን እንኳ አላሸሸም። ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባት ይሄ ነው። ኮምፒውተሩን ወደሱ አዞረችው።

ፍሥሐ አነበበው። «እነዋሪ አልሄድኩም። ለአንቺ ብዬ ነው» አለ። «እስከ ጥር መጨረሻ ካልጨረሱ ድርጅቱ ሥራሽን ይዘጋዋል ተባለ። አሳዘንሽኝ።»

«እኔ ሥራ እንዳላጣ እነሱ ብሔራዊ ፈተና ላይ ባዷቸውን ይቀመጡ? ላልታመመ አባት ጧፍ አስበራኸኝ እኮ ፍሥሐ!»

ፋና ፅጌረዳን ጠራቻት።

«አስተምራት» አለችው። «አራተኛውን ምዕራፍ። አሁን።»

ጓንቱን አውልቆ ጠመኔ አነሣ። ከሥሩ ጀምሮ፣ ልጅቷ በተደናቀፈች ቁጥር እየተመለሰ አስረዳት። ሃያ ደቂቃ ፈጀበት።

«ገባኝ!» አለች ፅጌረዳ።

የፋና እንባ መጣ። ይሄን የሚችል ሰው ነው የዋሻት። ያን ጊዜ ከመቼውም በላይ ወደደችው፤ ከመቼውም በላይም ተቃጠለች። ልጅቷ እስክትወጣ ጠበቀችና እጇን ዘረጋች።

«ደብተሬን።»

ሰጣት። ጓንቱንም ከላዩ አኖረው። «ይቅር በይኝ።»

«ይቅር እልሃለሁ። ደብተር ግን ሁለተኛ አልሰጥህም።»

የዚያኑ ቀን ለድርጅቱ ደውላ ሁሉንም ተናገረች፤ ውጤቱን አሰረዘች። ደመወዟ ተቋረጠ፤ ኮምፒውተሮቹ ግን ለልጆቹ እስከ ሰኔ ተተዉላቸው። እሷም ያለ ደመወዝ አብራቸው ቀረች። ፍሥሐ ወደ አረርቲ ተዛወረ አሉ።

ግንቦት ላይ ፅጌረዳ ኮርሱን ጨረሰች። ሰባ አንድ።

«ቲቸር፣ የራሴ ነው!»

ፋና አቅፋ ሳመቻት። ወዲያው ልትነግረው የፈለገችው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስልኳን አውጥታ ስሙን አገኘችው። እንደሚደሰት ታውቃለች። «ጎበዝ፣ ኮራሁብሽ» ይላታል፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ።

ግን ከልቡ መሆኑን በምን ታውቃለች? አባቱ ተሽሏቸዋል ያላት ዕለትም ድምፁ እንዲሁ ነበር።

ስልኩን ኪሷ ከታ ቀጣዩን ተማሪ ጠራች።